ቀኑ ሳያልፍ ጻፉ
(ለተመራቂ ተማሪዎችና ለጀማሪ የኤሌክትሮ መካኒካል መሐንዲሶች አዲስ አበባ ውስጥ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለውል ሰጥታችሁ መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ስለ ውል የሚወራ ነገር እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአንቀጽ አልጀምርም። ከበርሊን ልጀምር።

የበርሊን አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በርሊን ላይ እስካለሁ ድረስ የምጠራው ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው። ሊከፈት የታሰበው ጁን 3 ቀን 2012 ነበር። ሜይ 8 ላይ፣ አራት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ «አይከፈትም» ተባለ። የተከፈተው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወጪውም ከ2 ቢሊዮን ዩሮ ግድም ተነስቶ 6 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ።

ህንፃው ቆሞ ነበር። ምሰሶ አልተሰነጠቀም፣ ጣሪያ አልወደቀም። መክፈቻውን ያስቀረው የኛ ዘርፍ ነው። ዳክት (የአየርና የጭስ ቱቦ)፣ ኬብል፣ የጭስ ሴንሰር፣ በእሳት ጊዜ ራሱን ችሎ መከፈትና መዘጋት ያለበት በር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ምጣድ የጣደ ሁሉ ያውቃል። አርክቴክቶቹ ግን ጣሪያው ላይ የጭስ ማውጫ እንዲታይ አልፈለጉም። ስለዚህ እሳት ሲነሳ ጭሱ ተስቦ ወደ ታች እንዲወርድና ከወለሉ ሥር በቱቦ እንዲወጣ ተነደፈ። የዚህን ሲስተም ትልቁን ክፍል «ጭራቁ» እስከማለት ተደረሰ። የእሳት ማስጠንቀቂያው የአንድ ድርጅት ሥራ ነው፣ የጭስ ማውጫው መቆጣጠሪያ የሌላ። ሁለቱ መነጋገር አለባቸው። ሲሞከሩ አልተነጋገሩም። ቀኑ ሲደርስባቸው በሮቹን በእጅ የሚከፍቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይቆሙ የሚል ሐሳብ ሁሉ ቀርቦ ነበር። ያስቃል። ግን ይህን ያቀረበው ሰው ቀልደኛ አልነበረም። ጨንቆት ነው።

ይህ የንድፍ ችግር ይመስላል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስታዩት ግን ውል ውስጥ ትገባላችሁ። በ2007 አሠሪው ተርሚናሉን ለአንድ ጠቅላላ ኮንትራክተር ለመስጠት ጨረታ አውጥቶ ነበር። የመጣው ዋጋ ከበጀቱ እጅግ በለጠበት። ጨረታውን ሰረዘና ሥራውን በየዘርፉ ከፋፍሎ ራሱ ማስተባበር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ከዳክቱ፣ ዳክቱ ከማስጠንቀቂያው የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የራሱ የአሠሪው ጣጣ ሆነ። ግንባታው እየሄደ ደግሞ ተርሚናሉ ይስፋ ተባለ። እንዲህ ያለ ለውጥ ወለሉ ላይ ሲታይ የግድግዳ መግፋት ነው። ከኮርኒሱ በላይ ግን ዳክቱ ይቀየራል፣ ኬብሉ ይጨምራል፣ ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

በ2010 የኤሌክትሮ መካኒካሉን ዕቅድ ይሠራ የነበረ ድርጅት ከሰረ። መክፈቻው ከ2011 ወደ 2012 የተገፋው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሜይ 2012 መክፈቻው ሲሰረዝ አሠሪው ዋናውን የንድፍ ቡድን አሰናበተ። ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ የሚያውቁት ሰዎች አብረው ሄዱ። የተተኩት ሰዎች መጀመሪያ የተሠራውን መቁጠርና መመዝገብ ነበረባቸው። በ2015 ደግሞ ከዋናዎቹ የኤሌክትሮ መካኒካል ኮንትራክተሮች አንዱ፣ የጀርመኑ ኢምቴክ፣ ከሰረ።

ጀርመን መሐንዲስ ጠፍቶባት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ «ቀኑ ይደርሳል» ይባል የነበረው ነው። ዳክቱን የሚገጥመው ሰው እንደማይደርስ አጥቶት ነው? ያውቃል። ያወቀው ነገር ግን ወይ በጊዜው ወደ ላይ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ሰሚ አላገኘም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። በኛ ሥራ ብዙ ብርና ብዙ ጊዜ የሚባክነው በስሌት ስህተት አይደለም። ቀኑ እያለፈ ዝም በማለት ነው።

ኮተም (የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) የተማሩ ጓደኞቻችሁ ውልን ክፍል ውስጥ ተምረዋል። ኤሌክትሪካልና መካኒካል የተማራችሁት ግን ሳይት የምትገቡት የቮልቴጅ መውደቅ ስሌትና የፓምፕ ከርቭ ይዛችሁ ነው። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋችኋል። ሳይት ስትደርሱ ግን የሚጠብቃችሁ ጥያቄ «ቫሪየሽኑን ማን ፈቀደው?» የሚል ነው። ቫሪየሽን ከውሉ በኋላ የሚመጣ የሥራ ለውጥ ነው።

ሥራችን ከሲቪሉ የሚለይበት ነገር አለ። እኛ ቀድመን ገብተን መጨረሻ ላይ ነው የምንወጣው። ከመሠረቱ ጋር የኧርዝ ሽቦ እንቀብራለን፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ሶኬት እንገጥማለን። መሃል ላይ በሌላ ሰው አርማታና በሌላ ሰው ግድግዳ ውስጥ ነው የምንሠራው። ከዋጋችን ትልቁ ድርሻ ጉልበት ሳይሆን ዕቃ ነው፣ ዕቃውም በመርከብ ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ውላችን ብዙውን ጊዜ ከአሠሪው ጋር አይደለም። ከዋናው ኮንትራክተር ጋር ነው። «አሠሪው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የምትል መስመር ብዙ ሰብ ኮንትራክት (የንዑስ ሥራ ተቋራጭ ውል) ውስጥ አለች። ሰው ዋጋውን አይቶ ይፈርማል፣ እሷን ግን አያያትም።

ፊዲክ የሚለውን ስም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተ፣ ጄኔቭ ያለ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። ያዘጋጀውን መደበኛ የግንባታ ውል በዓለም ባንክና በመሰል አበዳሪዎች ገንዘብ በሚሠሩ ሥራዎች ላይ ታገኙታላችሁ። የፌዴራል መንግሥት ግዥ ደግሞ የራሱ መደበኛ ሰነድ አለው። የግል ህንፃ ላይ ሁሉንም ዓይነት ታያላችሁ። ከሦስት ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ፣ አንቀጽ 12 ወደሌለ አንቀጽ 47 የሚመራበት ውል አይቻለሁ። እኔ ለምሳሌ የምጠቅሰው «ቀይ መጽሐፍ» የሚባለውን የፊዲክ ውል፣ እ.ኤ.አ. የ1999ኙን እትም ነው። እ.ኤ.አ. የ2017 እትም ወጥቷል፣ ግን በየቢሮው መደርደሪያ የማየው አሁንም የድሮውን ነው። በናንተ ውል ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን እዩ።

አንቀጽ 20.1ን ሌላው ቢረሳችሁ እሷን አትርሱ። ተጨማሪ ጊዜ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይገባኛል የሚል ኮንትራክተር፣ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ካላስታወቀ ጊዜም አይጨመርለትም፣ ገንዘብም አያገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። ብዙ ልጆች የሚዘገዩት «መጀመሪያ ሒሳቡን ልሥራ» ብለው ነው። ማስታወቂያው ላይ ሒሳብ አያስፈልግም። ምን እንደተፈጠረና መቼ እንደተፈጠረ ይበቃል። ዝርዝሩ በ42 ቀን ውስጥ ይከተላል። እናንተ ሰብ ኮንትራክተር ከሆናችሁ ደግሞ 28ቱ ቀን የዋናው ኮንትራክተር ነው። የናንተ ከዚያ ያንሳል፤ እሱ የናንተን ተቀብሎ ወደ ላይ ማድረስ አለበትና።

አሁን አርማታ የሚሞላበት ዋዜማ ላይ ልውሰዳችሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ ነው። ብረት አሳሪዎቹ ጨርሰው ወርደዋል። የኤሌክትሪክ ልጆች ኮንዲዩቱን (የሽቦ ማስተላለፊያ ቱቦውን) በታችኛውና በላይኛው ብረት መካከል እየጎተቱ በሽቦ ያስራሉ። የመብራት ሳጥኖቹ ውስጥ አርማታ እንዳይገባ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቋል። ሻፍቱ (ቱቦና ኬብል ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበት ክፍተት) አጠገብ ለፍሳሽ ቱቦ አራት ስሊቭ (አርማታ ውስጥ የቱቦ ማለፊያ ቀዳዳ የሚያስቀር) መቀመጥ አለበት። ሦስቱ ተቀምጠዋል። አራተኛው የሚገባበት ቦታ ላይ የቢም ብረት ተጋድሟል። ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ፎርማኑ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል።

«ኢንጂነር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ ይደርሳል። በል ፈርምልኝ።»

«ጋሼ፣ አራተኛው ስሊቭ ከብረት ጋር ተጋጭቷል። የስትራክቸሩ ኢንጂነር ሳያየው እንዴት ይፈረማል?»

«አይ አንተ ደግሞ! ለአንድ ቀዳዳ? በኋላ በኮር ድሪል ትበሱታላችሁ።»

«በኋላ ትበሱታላችሁ» የምትለዋ ነገር ውድ ናት። በኋላ የመብሻውን ማን ይከፍላል? ብረት ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል? ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። ነገ የሚመጣው ሚክሰር ነው የሚያሳስበው። ያን ጊዜ የናንተ ሥራ መጨቃጨቅ አይደለም። የፍተሻ መጠየቂያ ቅጹን ታወጣላችሁ። «ከአራቱ ስሊቭ ሦስቱ ተቀምጠዋል፣ አራተኛው ከቢም ብረት ጋር ስለተጋጨ የመዋቅር መሐንዲሱ ውሳኔ ይጠበቃል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስሊቩንም ብረቱንም አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ታነሳላችሁ። ለኮንሰልታንቱ (ሥራውን ለአሠሪው ለሚቆጣጠረው አማካሪ) ተወካይ ደውላችሁ፣ ቅጹን በእጁ ሰጥታችሁ ታስፈርማላችሁ። አምስት ደቂቃ ነው። በማግስቱ ቢሞላም እንኳ፣ ከስድስት ወር በኋላ ያ ቀዳዳ በኮር ድሪል ሲበሳ ሒሳቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ወረቀቱ ይናገራል።

አንቀጽ 7.3ም ያለው ይህንኑ ነው። ሥራ ከመሸፈኑ በፊት እዩልኝ ማለት አለባችሁ። ሳትሉ ከሸፈናችሁ፣ ግለጡት ስትባሉ በራሳችሁ ወጪ ትገልጣላችሁ። ለግንበኛ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። እኛ ግን የምንሠራው ሁሉ የሚሸፈን ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ መፍሰሻ የኮሪደር ትእዛዝ ነው። ጉብኝት ላይ ናችሁ። የኮንሰልታንቱ ተወካይ ትከሻችሁን ይዞ «እነዚህ ክፍሎች ላይ ኤሲ ይጨመር እስቲ» ይላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። 12 ክፍል ላይ ኤሲ ሲጨመር ግን የፎቁ ፓነል (የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ) ይጠባል። ፓነሉ ሲያድግ መጋቢ ኬብሉ ይወፍራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀነሬተሩ ድረስ ይሄዳል።

የ1999ኙ ፊዲክ አንቀጽ 3.3 ላይ እዚህ ጋ የምታድን መንገድ አለች። መሐንዲሱ (በውሉ አሠሪውን ወክሎ የሚያዝዘው ኮንሰልታንት) በቃል ያዘዘውን ኮንትራክተሩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጦ ከላከለት፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ የናንተው ደብዳቤ የጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። ትእዛዙ ግን ሥልጣን ካለው ሰው መምጣት አለበት። የባለቤቱ ልጅ ሳይት ላይ ቢመላለስም መሐንዲሱ አይደለም።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦

«ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት በተደረገው ጉብኝት ከክፍል 201 እስከ 212 ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የኤሲ መስመር እንዲጨመር በቃል አዘውናል። ይህንኑ በጽሑፍ እናረጋግጣለን። ሥራው በዋጋና በጊዜ ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ዝርዝሩን እናቀርባለን። መስመሮቹ የሚያልፉበት ግድግዳ ዓርብ መለሰን ስለሚጀምር፣ የተለየ ሐሳብ ካለዎት እስከ ሐሙስ ማታ ቢያሳውቁን።»

አለቀ። ወቀሳ የለበትም፣ ዛቻ የለበትም። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን። «ዓርብ መለሰን ይጀምራል» የምትለዋን ደግሞ ልብ በሏት። መልስ የምታስገኘው እሷ ናት።

እዚህ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ኢንጂነር፣ እኛ ሳይት ላይ ደብዳቤ የሚያበዛ ሰው ነገረኛ ይባላል። ኮንሰልታንቱ ከተቀየመ ፔይመንታችንን ያዘገይብናል። ምን ይሻላል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም አንቀጽ ይበልጣል። እውነቷን ነው። ውሉን የጻፈው ፈረንጅ ይሉኝታን አያውቃትም። እኛ ደግሞ ጠዋት ቡና አብረን ለጠጣነው ሰው ከሰዓት በኋላ «ማስታወቂያ» የሚል ደብዳቤ መላክ ይከብደናል። ክስ ይመስለናል፣ ተቀባዩም እንደ ክስ ያየዋል። ስለዚህ «ተወው፣ በመግባባት እንጨርሰዋለን» እንላለን። መግባባቱም ይሠራል፣ ሰውየው እዚያው ሳይት ላይ እስካለ ድረስ። ችግሩ ሰው ይቀየራል። የተግባባችሁት ተወካይ ሌላ ሳይት ይመደባል፣ ወይ ሥራ ይለቃል። አዲሱ ሰው ይመጣና «ይህ ኬብል ቢኦኪው ውስጥ የለም፣ ማን አዘዘው?» ይላል። ቢኦኪው የሥራው ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ነው። «የድሮው ኢንጂነር» ብትሉት ትከሻውን ነው የሚያሳያችሁ። አልተሳሳተም። እሱም የሚጠየቅበት ኦዲት አለበት።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እደውላለሁ። «ኢንጂነር፣ ጠዋት ያልከንን እየሠራን ነው፣ ለፋይላችን እንዲሆን አንድ ወረቀት እልክልሃለሁ» እላለሁ። ከዚያ እልካለሁ። ደብዳቤ በድንገት ሲመጣ ነው የሚያስቀይመው። ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። ለትንሹም ለትልቁም፣ በደህናው ቀን መጻፍ ከለመዳችሁ የቢሮ ልማድ ይሆናል፣ ማንም ነገር አይጠረጥርም። ለስምንት ወር ዝም ያለ ሰው በዘጠነኛው ወር ደብዳቤ ሲጽፍ ነው ጠብ የሚሸተው። ወረቀቱ ኮንሰልታንቱንም ይጠቅመዋል። አለቃው ሲጠይቀው የሚያወጣው ነገር ይኖረዋል። ይህን ቀስ ብላችሁ አስረዱት። ሁሉም አይረዳም፣ አንዳንዱ ይቀየማል። ከሁለቱ ግን እኔ ቅያሜውን እመርጣለሁ።

ወደ ዕቃው ልለፍ። ፕሮግራም ሥሩ ስትባሉ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ «ሊፍት ገጠማ፣ 3 ወር» ብላችሁ አትለፉት። ገጠማው የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። ለምሳሌ ያህል ወደ ኋላ እንቁጠር። ገጠማና ፍተሻ 3 ወር። ሞጆ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ 1 ወር። ባሕርና ጅቡቲ 2 ወር። ፋብሪካው 3 ወር። ባንክና ኤልሲ (ለሻጩ የሚከፈትለት የባንክ የክፍያ ዋስትና) 2 ወር። ሰብሚታሉን (ከመግዛት በፊት የሚቀርበውን የዕቃ ሰነድ) ማጽደቅ 1 ወር። 12 ወር ሆነ። የህንፃው ውል 18 ወር ከሆነ የሊፍቱ ሰብሚታል በስድስተኛው ወር ኮንሰልታንቱ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። በስድስተኛው ወር ደግሞ ህንፃው ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለ ሊፍት የሚያስብ የለም። አስታዋሹ እናንተ ናችሁ። ማጽደቂያው ከዘገየ ያቺ 28 ቀን መቁጠር ጀምራለች ማለት ነው።

ሊፍት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዱ ብዙ ነውና። የሊፍት ጉድጓድ ጥልቀት፣ የሻፍቱ ስፋት፣ ከላይኛው ወለል በላይ የሚያስፈልገው ከፍታ፣ ሁሉም እንደ አምራቹ ይለያያል። ነዳፊው የአንዱን ካታሎግ ይዞ 1.40 ሜትር ጥልቀት ብሎ ይስላል። ጨረታው ላይ ግን የአምራች ስም አይጠራም፣ ወይም «ወይም ተመጣጣኝ» ይባላል። የተገዛው ሊፍት 1.60 ሊፈልግ ይችላል። አርማታው ግን ከዓመት በፊት ተሞልቷል። 20 ሳንቲ ሜትር የመሠረት አርማታ መፈልፈል ምን ማለት እንደሆነ ሲቪሎቹን ጠይቋቸው። ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም እውነት አለው። ነዳፊው «ተመጣጣኝ አይደለም» ይላል። አቅራቢው «አጽድቃችሁልኛል» ይላል። ኮንትራክተሩ «እኔ ስዕሉን ነው የሠራሁት» ይላል። ይህ ሁሉ የሊፍቱን ሾፕ ድሮዊንግ (የአምራቹን ዝርዝር ስዕል) ከመሠረቱ አርማታ በፊት ማስመጣት ቢቻል አይኖርም ነበር። ባይቻል እንኳ «የጉድጓዱ ልክ በአምራቹ ስላልተረጋገጠ መሞላቱ ስጋት አለው» የምትል አንድ ደብዳቤ ሁሉንም ሰው ትቀሰቅሳለች።

ስለ ምንዛሪ መቼም ለናንተ አልነግራችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለሲቪል ኮንትራክተርም ከብዷል። ኬብል፣ ፓምፕ፣ ጀነሬተርና ሊፍት በብር ዋጋ ለፈረመው የኛ ሰው ግን መብረቅ ነበር። አንዳንዱ ውል የዋጋ ማስተካከያ ነበረው፣ አንዳንዱ አልነበረውም። በፊዲክ 13.8 ማስተካከያው የሚሠራው ከዋጋው ስንቱ በየትኛው ዕቃ ዋጋ እንደሚስተካከል የሚያሳየው ሠንጠረዥ ተሞልቶ ከውሉ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ከሌለ አንቀጹ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ ሠንጠረዡ ኖሮም ያዘንኩበትን ልንገራችሁ። ድርሻው ለሲሚንቶ፣ ለብረት፣ ለነዳጅና ለጉልበት ተከፋፍሏል። መዳብ የለበትም። የኤሌክትሪክ ሥራ ዋጋው መዳብ ነው። የመዳብ ዋጋ ቢሰቀል በሲሚንቶ ኢንዴክስ (የዋጋ መለኪያ) ነው የሚስተካከልላችሁ። ይህን ማየት ያለባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ጨረታው ላይ ጥያቄ መጠየቂያው ጊዜ ሳያልፍ ነው።

አንድ የሚረሳ ጥሩ ነገርም አለ። አንቀጽ 14.5 በውሉ ከተፈቀደ፣ ሳይት የደረሰ ዕቃ ገና ሳይገጠም 80 በመቶ ዋጋው ሊከፈል ይችላል። ዕቃው ዋና ወጪያችን ስለሆነ ይህ እስትንፋስ ነው። ግን የትኞቹ ዕቃዎች እንደሆኑ በጨረታው አባሪ ላይ መዘርዘር አለባቸው። ሰው ባዶ አድርጎት ይፈርማል።

መጨረሻው ላይ ፍተሻና ርክክብ ነው። በፊዲክ ኮንትራክተሩ ለፍተሻ ዝግጁ የሚሆንበትን ቀን ከ21 ቀን በፊት ያሳውቃል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እዚህ ግን ህንፃው አልቆ ትራንስፎርመሩ ገና ከመስመር አልተገናኘም። ውኃም አልገባም። ፓምፑን በምን ትሞክራላችሁ? በጀነሬተር። ናፍጣውን ማን ይገዛል? ውሉ ዝም ካለ ገዢው ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ለፍተሻ ዝግጁ ነን፣ መብራትና ውኃ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን» የምትለው ደብዳቤ በቀኗ ትውጣ። መዘግየቱ የናንተ እንዳልሆነ የምታሳየው እሷ ናት። ካልወጣች የመዘግየት ቅጣቱ በየቀኑ እናንተ ላይ ይቆጠራል።

ዋስትናውንም እዩ። የጀነሬተሩ አምራች ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከተጫነበት ወይም ከተረከባችሁበት ቀን ነው። እናንተ ለአሠሪው የሰጣችሁት የጉድለት ዋስትና ደግሞ የህንፃው ርክክብ ከተደረገበት ቀን ይጀምራል። ጀነሬተሩ መጋዘን ውስጥ ዓመት ከተኛ የፋብሪካው ዋስትና ያልቃል፣ የናንተ ግን ገና መጀመሩ ነው። መሃል ላይ የሚበላሸውን ከኪሳችሁ ትጠግናላችሁ። ስትገዙ ዋስትናው ሥራ ከጀመረበት ቀን እንዲቆጠር ተደራደሩ። ሻጩ እሺ ላይል ይችላል። ያኔ ያወቃችሁትን ስጋት ዋጋችሁ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

ልንጨርስ ስንል ከኋላ አንድ ልጅ ጠየቀ። «ውል አንብቤ አላውቅም። ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከቢኦኪው አትጀምር። ሳይት ላይ ሁሉም ሰው ቢኦኪው ይዞ ስለሚዞር ውሉ እሱ ይመስልሃል። በፊዲክ የሰነዶች ቅደም ተከተል ላይ ቢኦኪው ያለው ታች ነው። ከሱ በላይ ስዕሉ አለ፣ ከስዕሉ በላይ ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃና የሥራ ጥራት መግለጫው)፣ ከዚያ በላይ አጠቃላይ ሁኔታዎቹ (የታተመው መደበኛ ክፍል)፣ ከነሱም በላይ ልዩ ሁኔታዎቹ (ለዚያ ሥራ ብቻ የተጻፉት)። ሰኞ ስትገባ ልዩ ሁኔታዎቹን ስጡኝ በል። አጠቃላዩን የሚሽረው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ገጽ ነው። እርሳስ ይዘህ «ቀን» የሚል ቃል ባየህበት ሁሉ አስምር። ያሰመርካቸውን አንድ ወረቀት ላይ ገልብጥ። ምን ሲፈጠር፣ ለማን፣ በስንት ቀን። ወረቀቱን ጠረጴዛህ ፊት ለጥፈው። ውሉን አናሳይም ካሉህ፣ ሰብ ኮንትራክተሮች ዘንድ ያጋጥማል፣ ቢያንስ ቀን የተጻፈባቸውን አንቀጾች ኮፒ ጠይቅ። እሱንም ከከለከሉህ የጠየቅክበትን ቀን ደብተርህ ላይ ጻፍ።